መብራት ሲጠፋ ማን ይቆጥራል?

በሰዓቱ የሚደውል የትምህርት ቤት ደወል መሥራት ለጀማሪ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ከሚሰጡ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። አንድ አርዱዊኖ ቦርድ፣ አንድ ሪሌይ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ደወል፣ ከዚያም የክፍለ ጊዜዎቹን ዝርዝር የያዘ አጭር ፕሮግራም ይበቃል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይደውላል፤ በየ40 ደቂቃው ይደውላል፤ ለእረፍት ይደውላል፤ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲሄድም ይደውላል። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ፕሮግራሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቦርዱ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ከየት ያውቃል?

በራሱ አያውቅም። ማይክሮኮንትሮለር የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ካገኘበት ቅጽበት ወዲህ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ ብቻ ነው። ያንንም የሚቆጥረው ቦርዱ ላይ ባለው ማወዛወዣ ልክ ነው። በብዙ ተማሪዎች እጅ የሚገኘው አርዱዊኖ ኡኖ አር3 ዋናውን ቺፕ የሚያስኬደው በክሪስታል ሳይሆን በሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ ይህ ዓይነቱ ዕቃ ደግሞ እስከ 0.5 በመቶ ቢሳሳት ከተፈቀደለት ወሰን አልወጣም። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። የዚህ 0.5 በመቶ 432 ሰከንድ ነው፤ ከ7 ደቂቃ ይበልጣል። ሰኞ ጠዋት በትክክል የተሞላ ደወል ዓርብ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ተዛንፎ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን የመብራቱ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ብልጭ ብሎ ለአንዲት ሰከንድ ቢጠፋ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ቦርዱም ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል።

ለዚህ ነው ቆጠራውን ሌላ ሥራ ለሌለው ቺፕ የምንሰጠው። ሪል ታይም ክሎክ ይባላል። ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር ብዙውን ጊዜ አይቱሲ በሚባለው የሁለት ሽቦ መስመር ይነጋገራል፤ ሰከንዱን፣ ደቂቃውን፣ ሰዓቱን፣ የሳምንቱን ቀን፣ ወሩንና ዓመቱን በየሬጅስተሩ ይዞ ይጠብቃል፤ አጠገቡም አንዲት ክብ ባትሪ አለች። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሰዎች የዚህችን ባትሪ እህት የሲሞስ ባትሪ ብለው ያውቋታል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ እንዲህ ያለ ሰዓት አልነበረውም፤ ዶስ በተነሳ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር። በ1984 የወጣው ፒሲ ኤቲ ግን ኤምሲ146818 የተባለውን የሞቶሮላ ቺፕ ከባትሪ ጋር ይዞ መጣ፤ ጥያቄውም ቀረ። ዛሬ ለደወላችን የምንመርጠው ቺፕ የዚያ ተወላጅ ነው።

ምርጫው ሲነሳ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ቺፕ ይበልጥ ትክክል እንደሆነ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጥቂት ቆይተን እንገባበታለን። እኔ ግን ከእሱ የማስቀድማቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። መብራት ሲጠፋ ቺፑ ወደ ባትሪው የሚሸጋገረው በራሱ ነው ወይስ ታዞ? ቆጠራው አንድ ጊዜ ከተቋረጠበትስ ይህንን ይናገራል ወይስ የተሳሳተውን ሰዓት እንደ ትክክለኛ ይሰጠናል? በዓመት አንድ ደቂቃ የሚዛነፍ ሰዓት በትምህርት ቤት ውስጥ ማንንም አይጎዳም። ሌሊት ባትሪው አልቆበት ጠዋት በፍጹም እርግጠኝነት የተሳሳተ ሰዓት የሚያቀርብ ቺፕ ግን ሺህ ተማሪ ያለጊዜው ያስወጣል፤ ፈተና ላይ ከሆነም ጉዳቱ ከዚያ የከፋ ነው።

ከትክክለኛነቱ እንጀምር። የሁሉም ነገር ሥር ክሪስታሉ ነው። ሁለት ጣት እንዳለው ሹካ ተቀርጾ በትንሽ ሲሊንደር ውስጥ የታሸገ ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቁጥር የተመረጠው 2 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ የሚሰጠው ስለሆነ ነው፤ ለሁለት የሚያካፍሉ 15 ትንንሽ ወረዳዎችን በተከታታይ ብንቀጥልበት መጨረሻው ላይ በሰከንድ አንድ ምት እናገኛለን። ከዚህ ያነሰ ድግግሞሽ ትልቅ ክሪስታል ይጠይቃል፤ ከዚህ የበዛው ደግሞ ባትሪ ይበላል። ሴኮ በታኅሣሥ 1969 ቶኪዮ ላይ ለሽያጭ ያቀረበው አስትሮን፣ የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ በ8,192 ነበር የሚሠራው፤ ያም 2 በራሱ እየተባዛ የሚገኝ ቁጥር ነው። ኢንዱስትሪው ኋላ 32,768 ላይ ረግቶ ቀረ። እነሆ ዛሬ ከእጅ ሰዓት ገበያ በተረፈ ርካሽ ክሪስታል ደወል እንሠራለን።

ይህ ሹካ ሙቀት ይለውጠዋል፤ የሚለውጠውም ባልተለመደ መንገድ ነው። የተስተካከለው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲሠራ ነው። ከዚያ ሲሞቅ ይዘገያል፤ ሲቀዘቅዝም ይዘገያል። ከ25 ዲግሪ የራቀበትን መጠን በራሱ አባዝተን፣ የተገኘውን በ0.034 ብናባዛው መዘግየቱን ከሚሊዮን እናገኛለን። ከሚሊዮን 1 ማለት በዓመት 31.5 ሰከንድ ያህል ነው። አሁን ሒሳቡን ወደ አገራችን እናምጣው። አዲስ አበባ ውስጥ 18 ዲግሪ በሆነ የርእሰ መምህር ቢሮ የተሰቀለ ሰዓት ከ25 በ7 ዲግሪ ይርቃል፤ 49 በ0.034 ሲባዛ 1.7 ነው፤ በወር ከ5 ሰከንድ ያንሳል። ሰመራ ላይ በ45 ዲግሪ የሚሠራ ያው ሰዓት በ20 ዲግሪ ይርቃል፤ 400 በ0.034 ሲባዛ 13.6 ይሆናል፤ በወር 35 ሰከንድ። ደብረ ብርሃን ላይ ሙቀቱ 5 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ደግሞ ልዩነቱ እንደ ሰመራው 20 ነው፤ ክሪስታሉም ልክ የሰመራውን ያህል ይዘገያል። የቆርቆሮ ሳጥን ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ ከአየሩ በብዙ ስለሚሞቅ 55 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ስህተቱ ከሚሊዮን 30 ያልፋል።

በዚህ ላይ ክሪስታሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው የራሱ ስህተት አለ። የተለመደው ከሚሊዮን 20 ወደላይ ወይም ወደታች ነው፤ ብቻውን በወር 52 ሰከንድ ይሆናል። የቦርዱ አሠራርም ይጨመርበታል። ክሪስታሉ የሚፈልገው የካፓሲተር ልክ አለ፤ ዲኤስ1307 የሚባለው ቺፕ ለምሳሌ 12.5 ፒኮፋራድ ለሚፈልግ ክሪስታል የተሠራ ነው፤ በ6 ፒኮፋራዱ ከተተካ ሰዓቱ በሚታይ መጠን ይዘገያል። ከብየዳ በኋላ በደንብ ያልጸዳ የፍለክስ ቅሪት ወይም በክረምት የገባ እርጥበት እንኳ ማወዛወዣውን ሊያዛንፈው፣ አንዳንዴም ሊያቆመው ይችላል። ወረዳው የሚሠራው እጅግ በቀጠነ ኃይል ስለሆነ ጥቂት ፍሳሽ ይበቃዋል። ክሪስታሉን ለብቻው የሚገጥም ሰው ይህን ሁሉ በራሱ ላይ ይወስዳል።

ዲኤስ3231 የሚባለው ቺፕ የተወደደው ይህን ሸክም ስለሚያነሳ ነው። ክሪስታሉ በቺፑ ሆድ ውስጥ ነው። አብሮት የሙቀት መለኪያ አለ፤ በየ64 ሰከንዱ ይለካል፤ በልኬቱ መሠረት ውስጣዊ ካፓሲተሮችን እየቀያየረ ክሪስታሉን ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከሚሊዮን 2፣ ከዚያ ውጭ፣ ከዜሮ በታች 40 እስከ ከዜሮ በላይ 85 ድረስ፣ ከሚሊዮን 3.5 ነው። የመጀመሪያው በዓመት አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሰመራ ላይ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የሚሰቀል ደወል ከሆነ ከዚህ ቺፕ ወይም ከአቻዎቹ ውጭ ሌላ ነገር ማሰብ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለሚውል፣ በየወሩ የሚያስተካክለው ሰው ላለው ደወል ግን በሙቀቱ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ግዴታ አይደለም።

ዲኤስ1307ም ዲኤስ3231ም የወጡት በዳላስ ሴሚኮንዳክተር ስም ነው፤ በ1984 በቴክሳስ ዳላስ የተመሠረተ ኩባንያ። በ2001 ማክሲም ገዛው፤ ማክሲምን ደግሞ በ2021 አናሎግ ዲቫይሰስ ገዛው። የአንዱን ቺፕ ዳታሺት ሲፈልጉ ሦስት የኩባንያ ስም የሚያገኙ ተማሪዎች ሦስት የተለያየ ዕቃ ያገኙ ሊመስላቸው ይችላል፤ ቺፑ አንድ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ዲኤስ3231ኤም የሚባለው ላይ ነው። ይህኛው በክሪስታል ፈንታ ከሲሊኮን የተቀረጸ ጥቃቅን ሬዞኔተር አለው፤ ትክክለኛነቱም ከሚሊዮን 5 ነው። በራሱ መጥፎ ቺፕ አይደለም፤ ለደወል ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ርካሽ ሞጁሎች ላይ አንዱ በሌላው ስም፣ ወይም ከሁለቱም የማይደርስ ሥራ በታላቁ ስም መሸጡ ነው። ከላዩ የተጻፈውን ማንበብ ይረዳል፤ የሚያሳርፈው ግን መለካት ብቻ ነው። ሰዓቱን በኢንተርኔት ከሚገኝ የተረጋገጠ ሰዓት ጋር አስተካክሎ ከሳምንት በኋላ ማነጻጸር ይበቃል። ከሚሊዮን 2 የሆነ ቺፕ በሳምንት ከ1.2 ሰከንድ በላይ አይሳሳትም። 5 ሰከንድ ከተዛነፈ ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን የተገዛው ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንሂድ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ባትሪ ስለተገጠመ ብቻ ባትሪው ይሠራል ማለት አይደለም። ቺፑ የዋናውን ኤሌክትሪክ መውደቅ አይቶ፣ በቅጽበት ወደ ባትሪው ተሸጋግሮ፣ በዚያው ቅጽበት ከማይክሮኮንትሮለሩ የሚመጣውን ትእዛዝ ሁሉ መዝጋት አለበት። መዝጋቱ እንደ መሸጋገሩ ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ እያጣ ያለ ማይክሮኮንትሮለር መስመሩ ላይ የማይሆን ነገር ሊጽፍ ይችላልና።

ዲኤስ1307 ይህን የሚያደርገው ዋናውን ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ዋናው ከባትሪው 1.25 እጥፍ ሲያንስ በሩን ይዘጋል። ባትሪው 3 ቮልት ከሆነ በሩ የሚዘጋው በ3.75 ቮልት ነው። ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል፤ በ3.3 ቮልት የሚሠሩ ቦርዶች፣ ኢኤስፒ32ም ሆነ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ፣ ይህን ቺፕ በራሳቸው ቮልቴጅ ሊያስኬዱት አይችሉም። ቺፑ 3.3 ቮልቱን አይቶ መብራት የጠፋ ይመስለዋል፤ መልስም አይሰጥም። ለ5 ቮልት ዓለም የተሠራ ቺፕ ነው። ሌላም አለ። በአንዳንድ የዲኤስ1307 ሞጁሎች ላይ የሚሞላ ባትሪ ይገጠማል፤ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ይደርሳል። የ4.2 ቮልት 1.25 እጥፍ 5.25 ነው። ስለዚህ ዋናው 5 ቮልት ሳይጓደል ቺፑ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሠሪው ሽቦ ሲፈትሽ ይውላል። ዳታሺቱ ለባትሪው የፈቀደው እስከ 3.5 ቮልት ብቻ ነው።

ዲኤስ3231 ከ2.3 እስከ 5.5 ቮልት ስለሚሠራ ከሁለቱም ዓይነት ቦርድ ጋር ይስማማል፤ መሸጋገሩንም ማንም ሳያዘው ያደርገዋል። ሌላ ደግ ጠባይ አለው፤ ባትሪ ብቻ ተገጥሞለት ዋናው ኤሌክትሪክ እስኪመጣ ድረስ ማወዛወዣውን አያስነሳም፤ ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ባትሪውን አይጨርስም። ሁሉም እንዲህ አይደለም። የኤንኤክስፒው ፒሲኤፍ8563 ጥሩ ቺፕ ነው፤ በ250 ናኖአምፔር አካባቢ ይቆጥራል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ነገር ግን ለብቻው የባትሪ እግር የለውም፤ ዋናውንና ባትሪውን በሁለት ዳዮድ ወደ አንዱ እግሩ ማምጣት የሠሪው ድርሻ ነው። ታናሽ ወንድሙ ፒሲኤፍ8523 የባትሪ እግር አለው፤ ሆኖም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ባትሪ የመሸጋገሩ ሥራ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። አንድ ሬጅስተር ላይ ተጽፎ ካልተከፈተ፣ አዲስ ባትሪ ተገጥሞለት ሳለ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይጠፋል። የማይክሮቺፑ ኤምሲፒ7940ኤንም እንዲሁ ባትሪውን እንዲጠቀም በአንድ ቢት መታዘዝ አለበት። በአንጻሩ መብራት የጠፋበትንና የተመለሰበትን ጊዜ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ትምህርት ቤቱ ትናንት ሌሊት መብራት ስንት ሰዓት እንደሄደ ማወቅ የሚፈልግ ከሆነ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ማንኛውንም ቺፕ ከመግዛት በፊት ከዳታሺቱ ውስጥ ሌላው ገጽ ቢዘለል እንኳ ስለ ባትሪ መሸጋገር የሚያወራው ክፍል መነበብ አለበት።

በየሱቁ የሚገኘው ሰማያዊ የዲኤስ3231 ሞጁል፣ ዜድኤስ-042 የሚል የተጻፈበት፣ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ይህ ሞጁል የሚሞላ ባትሪ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከዋናው 5 ቮልት ተነስቶ በአንድ የ200 ኦም ሬዚስተርና በአንድ ዳዮድ በኩል ወደ ባትሪው የሚሄድ የመሙያ መስመር አለው። ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚገጥምበት ሲአር2032ን ነው፤ ያ የማይሞላ የሊቲየም ባትሪ ነው። ዳዮዱ 0.6 ቮልት ያህል ቢያስቀር 4.4 ቮልት ይቀራል፤ 3 ቮልት በሆነ፣ መሞላት በማይገባው ባትሪ ውስጥ ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ይገፋል። እንዲህ የተያዘ ባትሪ ያብጣል፣ ይፈስሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሕፃናት በሚውሉበት ግቢ ውስጥ ይህ በዝምታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። የሚሞላውን ኤልአይአር2032 መግጠምም ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ የእሱ ወሰን 4.2 ቮልት ስለሆነ 4.4 ይበዛበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ያችን ሬዚስተር ወይም ያን ዳዮድ በመበየጃ አሙቆ ማንሳትና የማይሞላውን ባትሪ መግጠም። ሞጁሉ በ3.3 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ መስመሩ ከባትሪው በታች ስለሚቀር አይሞላም፤ እኔ ግን ያኔም ቢሆን ማንሳቱን እመርጣለሁ፤ ነገ ማን በ5 ቮልት እንደሚሰካው አይታወቅምና።

ባትሪው ስንት ጊዜ ይቆያል? ሲአር2032 ወደ 220 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይይዛል። ዲኤስ3231 በባትሪ ሲቆጥር እንደ ወትሮው 0.84 ማይክሮአምፔር፣ ቢበዛ 3 ማይክሮአምፔር ይስባል። በከፋው ሒሳብ እንኳ መብራት ጭራሽ ባይመጣ ከ8 ዓመት በላይ ነው። በመካከለኛው 30 ዓመት ይወጣል፤ ያ ግን ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ባትሪው ከዚያ በፊት በእድሜው ብዛት ይሞታል። ለደወል እንግዲህ ናኖአምፔር መቁጠር አያስፈልግም። ገጠር በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የዝናብ መለኪያ የሚሠራ ሰው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ለእሱ ማይክሮ ክሪስታል የሚባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሚያወጣው አርቪ-3028 በ45 ናኖአምፔር ስለሚቆጥር፣ ባትሪ ቀርቶ በትልቅ ካፓሲተር ብቻ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምወደውን የእነዚህን ቺፖች ጠባይ እስካሁን አላነሳሁም። ዲኤስ3231 ውስጥ በአንድ ሬጅስተር የመጨረሻ ቢት ላይ የተቀመጠ ምልክት አለ። ማወዛወዣው በማንኛውም ምክንያት አንድ ጊዜ ከቆመ ምልክቱ 1 ይሆናል፤ እኛ ራሳችን 0 ብለን እስክንጽፍበት ድረስም 1 እንደሆነ ይቆያል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ «የምሰጣችሁን ሰዓት አትመኑ» ይላል። ፒሲኤፍ8563 ተመሳሳይ ምልክት በሰከንድ ሬጅስተሩ ላይ አለው፤ ፒሲኤፍ8523ም እንዲሁ። ዲኤስ1307 እንዲህ ያለ ምልክት የለውም፤ ባትሪውም ዋናውም ሲጠፉበት ቆይቶ ሲነሳ ማወዛወዣውን ዘግቶ መነሳቱ ብቻ ፍንጭ ይሰጣል። ዲኤስ3231ን ከዲኤስ1307 የማስበልጠው በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን በዚህ ነው፤ አዲስ አበባም ውስጥ ቢሆን።

ምልክቱ የሚጠቅመው ግን ካነበቡት ነው። በየቦታው እየተቀዳ የሚሠራበት አንድ የአርዱዊኖ ምሳሌ ፕሮግራም አለ፤ ሲጀምር ቺፑን ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ላይ በተዘጋጀበት ሰዓት ይሞላዋል። ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነው። ያች መስመር ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ፕሮግራሙ ውስጥ ከቀረች ግን መብራት በተመለሰ ቁጥር ቺፑ ይዞ የቆየውን ትክክለኛ ሰዓት ደምስሳ ያንን የድሮ ሰዓት ትጽፍበታለች። ሰውየው ባትሪ ይለውጣል፤ ሞጁል ይለውጣል፤ ሻጩን ይወቅሳል። ቺፑ ምንም አላጠፋም። መስመሯ መሠራት ያለባት ምልክቱ 1 ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው፤ በእኔ እምነት ደወል ላይ ያኔም መሠራት የለባትም። ምልክቱ 1 ከሆነ ደወሉ ዝም ይበል፤ ሰዓቱን የሚያሳይ መስኮት ካለው በቁጥር ፈንታ ሰረዝ ያሳይ፤ ቀይ መብራት ያብራ፤ ዘበኛው ወይም ርእሰ መምህሩ መጥቶ እስኪሞላው ይጠብቅ። የዚያን ቀን ደወሉን በእጅ መደወል ይቻላል፤ የተሳሳተ ደወል ግን መልሶ አይሰበሰብም።

የዘመን አቆጣጠራችንን የሚመለከት አንድ ፈተና አለ። አንዳንድ ሠሪ ሰዓቱን በቀጥታ በእኛ አቆጣጠር ቺፑ ውስጥ መጻፍ ይቃጣዋል። ቺፑ ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ብቻ ነው። ወር ከ12 አያልፍለትም፤ ጳጉሜን የት ያስቀምጣታል? አንደኛው ወር ለእሱ 31 ቀን ስላለው መስከረም 30 ካለቀ በኋላ «መስከረም 31» ይለናል፤ ሁለተኛውን ወር ደግሞ በ28 ወይም በ29 ይቆርጠዋል። ሰዓቱን ብቻ በ6 ሰዓት ወደኋላ ገፍቶ መሙላትም ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር ያደርጋል፤ ለእኛ ልማድ የቀረበ ቢመስልም ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር ሲነጻጸር ግራ ያጋባል። ቺፑ በጎርጎርዮስ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጠው ፕሮግራሙ ይሁን፤ መስኮቱ ላይ ሲታይ ብቻ። ልወጣው ከባድ አይደለም። መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ቀጣዩ የጎርጎርዮስ ዓመት 29 ቀን ያለው ፌብሩዋሪ ካለበት ግን በ12 ይውላል። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ከሆነ፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፤ የ2016 መስከረም 1ም በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለ። ይህ ሕግ እስከ 2099 እ.ኤ.አ. ይሠራል። 2100 ላይ ቺፑም ይሳሳታል፤ ዓመቱን በሁለት አሃዝ ስለሚይዝ 00ን ሁሉ እንደ ረጅም ዓመት ይቆጥራል፤ 2100 ግን አይደለም። ያን ጊዜ የዛሬው ደወል አይኖርም ብለን እናልፈዋለን።

ያለ ውጫዊ ቺፕ መሥራትም ይቻላል። ኤስቲኤም32 ከሚባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች ብዙዎቹ የሰዓት ክፍልና የባትሪ እግር ይዘዋል፤ ክሪስታልና ባትሪ ብቻ ይጨመርላቸዋል፤ የሙቀቱ ችግር ግን እንዳለ ይቀራል። ኢንተርኔት ያለው ኢኤስፒ32 ሰዓቱን ከመረብ ሊያመጣ ይችላል፤ ሆኖም መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል፤ ሲመለስም መስመሩ ወዲያው ላይመለስ ይችላል። ሁለቱን ማጣመር ግን ያምራል፤ ቺፑ ይቆጥራል፣ መረቡ ሲገኝ ያርመዋል።

ለደወላችን እንግዲህ ዲኤስ3231፣ የመሙያ ሬዚስተሩ የተነሳለት፣ ከታወቀ ሻጭ የተገዛ ሲአር2032 ያለበት። ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ፈተና ይለፍ፤ ሰዓቱ ተሞልቶ ዋናው ኤሌክትሪክ ይነቀል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደተነቀለ ይደር፤ ጠዋት ሲሰካ ሰዓቱ ከስልክ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ምልክቱም 0። ከዚያ ሆን ተብሎ ባትሪውም ዋናውም ይነቀሉ። ሲመለሱ ምልክቱ 1 መሆኑን፣ መስኮቱ ሰረዝ ማሳየቱንና ደወሉ ዝም ማለቱን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ፈተና ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባትሪው የተገጠመበት ቀን በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ በአምስት ዓመቱም ይለወጥ። ሲለወጥ ዋናው ኤሌክትሪክ ሳይነቀል ይሁን፤ ቺፑ በዚያች ደቂቃ የሚቆጥርበት ሌላ ኃይል የለውምና። ሪሌዩን ከደወሉ ጋር የሚያገናኘው የ220 ቮልት ሽቦ በዚያው ሳጥን ውስጥ ካለ ግን ባትሪው ከእሱ ርቆ፣ በጣት ሊደረስበት በሚችል ለብቻው በተከፈለ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ ሳጥኑ ሲሠራ ጀምሮ መታሰብ አለበት።